ሲስተሙ የለመደው መንገድ

ትናንት ጠዋት ራሂማ ሻንጣዋን ይዛ ፊቴ ቆመች። እኔ ዓረብ አገር፣ ሩዊ ውስጥ የአንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ነኝ። ኮሮና እንደገባ ሆቴሉ ባዶውን ከርሞ ነበር፤ አሁን ግን ወደ አገር የሚመለሱ ሠራተኞች በረራ እስኪደርሳቸው የሚያርፉበት ሆኖ ጢም ብሏል።

የራሂማ እናት ደሴ ሆስፒታል ተኝተዋል። በረራውን ያገኘችው በስንት ልመና ነው። የቀራት የኮሮና ምርመራ ውጤቷ ያለበትን የመውጫ ወረቀት ከኮምፒውተሩ አትሜ እንድሰጣት ብቻ ነበር።

ስሟን ጻፍኩ... ይሽከረከራል። ደገምኩት... አሁንም ይሽከረከራል።

«ያላ!» አለ ወደ ኤርፖርት የሚወስዳቸው ሾፌር ሰዒድ ከበር ላይ። «ዋዲ ዓዳይ ጋ ፍተሻ አለ፣ እንዘገያለን። ውጤቷን አይተሽው የለ እንዴ? በእጅሽ ጻፊና ማኅተም ምቺበት፣ ልውሰዳት!»

«ማፊ፣ ያለ ሲስተም አይቻልም» አልኩት።

ውጤቷን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነጻ ናት። ግን ሥራ የጀመርኩ ቀን የተነገረኝ ሲስተሙ ሳያሳይ የመውጫ ወረቀት እንዳልሰጥ ነው። ሕጉ የወጣው በደህናው ጊዜ ሒሳብ ሳይከፍል ለሚሾልክ ቱሪስት ነበር። ራሂማ ደግሞ ወዴት ትሾልካለች?

ሰዒድ መኪናው ላይ የተሳፈሩት በረራ እንዳያመልጣቸው ትቷት ሄደ። ራሂማ አላለቀሰችም። «ኸይር ነው» ብላ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች... ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የአይቲው ዮናስ መጥቶ ጥቂት ነካካና ስሟ ወዲያው ወጣ። ምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«የእንግዶቹን መዝገብ የያዘው ዳታቤዝ አንድ ጥያቄ መጀመሪያ ስትጠይቂው መልሱን በየት በኩል እንደሚያመጣ ያስብና መንገዱን ያስቀምጠዋል። ደግመሽ ስትጠይቂው እንደ አዲስ አያስብም፣ በዚያው ይሄዳል።»

«ታዲያ ምን አዘገየው?»

«መንገዱን ያወጣው ሆቴሉ ባዶ እያለ ነዋ! ያኔ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይቀለው ነበር። አሁን ሞልቶም አንድ በአንድ ያነባል። የድሮውን መንገድ አጠፋሁበት፣ እንደገና አሰበ። ኻላስ፣ አለቀ።»

ሌላ በረራ መቼ እንደሚኖር የሚያውቅ የለም። ሌሊቱን ሙሉ የራሂማ እናት ናቸው ዓይኔ ላይ የነበሩት።

ዛሬ ጠዋት ራሂማ መጣች። «እህቴ፣ ቤት ልደውል ነበር... በሆቴሉ ስልክ ታስደውይኛለሽ?»

ስልኩ እጄ ሥር ነው፣ ሲስተም አይፈልግም። አፌ ግን ቀደመኝ፦ «ቆይ፣ ሲስተሙን ልየው።»

የኮምፒውተሩን የድሮ መንገድ ዮናስ አጠፋለት... የእኔን ማን ያጥፋልኝ?