ያልፈረምኩት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ከበደሌ ወደ ነቀምቴ ስመለስ ሚኒባሳችን ደዴሳ ድልድይ አጠገብ ትንሽ ቆመ። ሁለት ወጣት ሴቶች ውኃው ዳር ዓሣ ያጠምዳሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አያቸውና "ሥራ የጠፋባቸው" አለ። የእኔ ሐሳብ ግን በወጣትነቴ ወደነበርኩባት ወደ ቢላ ከተማ ሄዶ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከደሴ መጥቼ ቢላ አቅራቢያ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ኦሮምኛዬ ከ"አካም ቡልቴ" ሰላምታ አያልፍም። ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ሽማግሌ አናጢ። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ይነጣል። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ የመንደሩን ወንዝ ስታሞቀው ግን ጥቃቅን ዝንቦች ከውኃው ውስጥ ይወጣሉ፤ ክንፋቸው እስኪደርቅ ውኃው ላይ ሲንሳፈፉ ዓሦቹ ብቅ እያሉ ይለቅሟቸዋል። ኦቦ ገመቹ መንጠቆው ላይ የዶሮ ላባ በክር ጠምጥመው ያንኑ ዝንብ ያስመስሉታል። "አታስምጪው ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "ይንሳፈፍ።"

ርዕሰ መምህሩ ይህን ሰማ። ቢሮው ጠርቶ ወረቀት ሰጠኝ፤ ዳግመኛ ወንዝ ዳር ላልታይ ቃል የምገባበት።

"ሴት መምህር በጭቃ ተለውሳ ስትውል ወላጅ ምን ይላል?"

"ቅዳሜ የራሴ ቀን ነው። አልፈርምም።"

"ዝውውር ይመጣብሻል።"

"ይምጣ።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የገበያ ቀን ነበር። ሆን ብዬ ወደ ገበያው በሚያሻግረው ድልድይ ሥር፣ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ቦታ ቆምኩ። ርዕሰ መምህሩም ከገበያተኛው ጋር ቆሞ ቁልቁል ያየኛል። ሁለቴ ወርውሬ ሳትኩ፤ ከላይ ሳቁብኝ። በሦስተኛው ላባዋ ቀስ ብላ ስትንሳፈፍ ውኃው ቦጭ አለና ክሩ ተወጠረ። ክንዴን የሚያህል ዓሣ አውጥቼ በመሃላቸው አለፍኩ። የሳቀ የለም። ኦቦ ገመቹ ቤት በሚጥሚጣ ጠብሰን ከቂጣ ጋር በላነው።

ደብዳቤው በወሩ መጣ፤ ወደ ኑኑ ቁምባ ተዛወርኩ። ስሸኝ አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ኦቦ ገመቹንም ዳግመኛ አላየኋቸውም። ኑኑ ቁምባ ደርሼ መጀመሪያ የጠየቅሁት ግን ወንዙ በየት በኩል እንደሆነ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር እኖራለሁ። ያ እምቢታ ምን እንዳስከፈለኝ አውቃለሁ። ያን ቀን ብፈርም ኖሮ ግን ከዚያ ወረቀት በኋላ ሌላ፣ ከእሱም በኋላ ሌላ ይመጣልኝ ነበር፤ በመጨረሻ እኔ ራሴ ሳልጠየቅ የምፈርም ሰው እሆን ነበር።