የዳርቱ ቁልቁለት

ዳርቱን የማውቃት ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እኔ በከዘራ የምወጣውን ዳገት እሷ እየሮጠች ስታልፈኝ ነው። የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላም ዳገቱን እንደ ድሮው ትወጣው ነበር። ሲወረድ ግን ከጓደኞቿ ትለይና ከዛፍ ዛፍ እየተደገፈች ትወርዳለች። ሐኪሙ «ድነሻል» ብሏታል። አካል በሐኪም ቀጠሮ ይድናል፤ እምነት ግን ቀጠሮ አያውቅም።

በእንጦጦ ጫካ ሯጮች እንደ ጉንዳን ተከታትለው ነው የሚሄዱት። የፊተኛው የረገጠበትን የኋለኛው ይረግጣል። መሪው ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ወደ መሬት ይጠቁማል፤ ተከታዩ እሱን አምኖ እግሩን ይጥላል። ዳርቱ የተጎዳች ቀን የምትመራው የቡድን ጓደኛዋ ቢፍቱ ነበረች። የባሕር ዛፍ ቅጠል የሸፈነውን ጉድጓድ እሷ ዘለለችው፤ መጠቆሙን ረሳች። ዳርቱ ገባችበት። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለም።

ባለፈው ማክሰኞ ከዳገቱ አናት ግንድ ላይ አረፍ ብዬ ሳለሁ አሠልጣኙ ኃይለ መስቀል ልጆቹን አጠገቤ አቆማቸው።

«ዳርቱ፣ ዛሬ ቁልቁለቱን ካልሮጥሽ ለክለቡ አላቀርብሽም። ለከርሞ የሚቀሩትን የሚመርጡት በዚህ ሳምንት ነው።»

«ኮች፣ እሷን ተከትዬ አልወርድም።»

«ማን ተከተይ አለሽ? ምሪ!»

«እንግዲያውስ ምሳችንን ቋጥረን እንውረዳ!» አለች አንዷ ከኋላ። ሳቁ። ዳርቱ አልሳቀችም።

ጀመረች። ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ተወሽቋል፤ የታመመ እግሯን እንደ ሰው ዕቃ ነው የምታስቀምጠው። ቢፍቱ በቅርብ ትከተላታለች። ዳርቱ ድንጋይ አየች፤ ጠቆመች። የዛፍ ሥር አየች፤ ጠቆመች። ለሌላ ሰው እግር መጠንቀቅ ስትጀምር የራሷ እርምጃ ረዘመ። የወደቀችበት ቦታ ልትደርስ ስትል ግን ፍጥነቷ ቀነሰ። አበቃላት ብዬ ከዘራዬን ጨበጥሁ። እጇ ወደ መሬት ተዘረጋ። ዘለለች። ያረፈችውም በዚያው በታመመው እግሯ ነው። ቢፍቱም ዘለለች፣ ሌሎቹም።

ተመልሰው ሲወጡ ኃይለ መስቀል ጀርባዋን መታ አደረጋት። «አቀርብሻለሁ።»

ቢፍቱ እያለከለከች መጣች። «አንቺ፣ ምኑን ነው የዘለልሽው? ጉድጓዱን እኮ ገና ክረምቱ ሳይገባ ድንጋይ ተሸክሜ ደፍኜዋለሁ!»

ዳርቱ ዞራ ቁልቁል አየች።

«ታዲያ አንቺስ ለምን ዘለልሽ?»

«ጠቆምሽኛ!»