እርጥብ ጨፌ የከደንኩበት ክረምት

ጅማ አጠገብ ካለችው የቡ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው። ስደተኛ ሁሉ በጨለማ የሚሾልክ ይመስላችኋል፤ እኔ ግን ማጭዴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ለአጨዳ እንደሚወርድ ሰው እያዛጋሁ በገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች ፊት አለፍኩ። መኮብለሌን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። ሰው እንዳይጠረጥር ከደጃፍ ቆማ "ቶሎ ተመለስ" አለችኝ።

ወንጀሌ ምን መሰላችሁ? እንደ አባቴ፣ ቤት በሣር መክደን ማወቄ። ጨፌ የምንለውን የረግረግ ቄጠማ ታውቁታላችሁ። እርጥቡ ለዒድና ለሰርግ ይጎዘጎዛል፣ ከአራስ መኝታ ሥር ይነጠፋል። ለክዳን ግን ክረምቱ አልፎ፣ በቁሙ ቢጫ ሲሆን ታጭዶ፣ ፀሐይ ከጠገበ በኋላ ነው። የአገራችን ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ግን ማወቅ አልፈለገም። ተበታትነን የምንኖረውን አንድ ቦታ የሚያሰፍር፣ መንደር ምሥረታ የሚሉት የደርግ ነገር ሲመጣ፣ በሐምሌ ዝናብ ነፍሰ ጡሯን ሳይቀር እስከ ወገብ ረግረግ ውስጥ አስገብቶ አሳጨደን። አልቅት እግራችን ላይ ጠግቦ ይወድቅ ነበር።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እርጥብ ጨፌ ሲከደን ይበሰብሳል፤ እስከ ኅዳር ይታገሡን" አልኩት።

"መንደሩን የሚጎበኙት እንግዶች የሚመጡት በነሐሴ ነው።"

"ያፈሳል እኮ!"

"አረንጓዴ ነው፣ ያምራል። ክደን!"

ከደንኩ። በገዛ እጄ ከደንኩ። እንግዶቹ ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት አይተው አጨበጨቡ። በመስከረም ክዳኑ ጠቆረ፣ እንደ ሞተ ውሻ ሸተተ፣ ትል ያዘንብ ጀመር። ጎረቤታችን ዘሃራ እኔ ከከደንኳቸው ቤቶች በአንዱ ወለደች። ጥቁሩ ውሃ ሲንጠባጠብበት የሰነበተው ሕፃን ሳል ያዘው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቀበርነው። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ "አሻጥር ነው! ቤቱን የከደነው ይጠየቃል" አለ። ዘሃራ እጆቼን አየቻቸው። በማግስቱ ወጣሁ።

በሊሙ ገነት አድርጌ፣ በወለጋ በኩል በእግሬ ሱዳን ገባሁ። ካርቱም የስደተኞች መዝጋቢ ፊት ቀረብኩ።

"ሙያ?" አለኝ በአስተርጓሚ።

"ቤት እከድናለሁ። በረግረግ ሣር።"

ጻፈ። አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ። "ሣር አጫጅ ብሎ መዝግቦሃል።"

"ባለሙያ ነኝ በለው!"

"ይሁን ይላል። ግን እዚህ ሣርም ዝናብም የለም፤ ምን ልትከድን መጣህ ይልሃል።"

ወላሂ እውነቱን ነው። እዚህ ጣሪያው ጭቃ ነው፣ አየሩ ምድጃ ነው፣ ምግቡ ጠዋት ፉል ማታ ፉል ነው። ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሳ የየቡን ጭቃ እንኳ ያስናፍቃል። ያገኘሁት ሥራ የመጸዳጃ ባልዲ መድፋት ነው። የቤት አከራዬ "ሳትታጠብ እንዳትገባ" ይለኛል። በምን ውሃ ስለው "እሱን አንተ ታውቃለህ" ብሎ ቧንቧውን ይቆልፋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በደብዳቤ ተቀጣጥረን፣ እኔ ከካርቱም ስደውል እናቴ ጅማ ስልክ ቤት ቀረበች።

"ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ሥራ አለህ?"

"አለኝ እማዬ።"

"የአባትህን ሙያ?"

"አዎ። ትልልቅ ቤቶች እከድናለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ዘሃራ አብራኝ መጥታለች። ላናግረው ብላ ነው" አለችኝ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማሁ። ትንፋሿ መጣ። "ሄሎ" አለች።

ምን ልትለኝ እንደነበር አላውቅም። ዘጋሁት።