ወተቱን ማን ጠጣው?

ባለፈው ሰሞን ጋምቤላ መሃል ገበያ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሳለ ባለሱቁ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከፈተ። ያ ጣፋጭ፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ሳላውቀው እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ያ ሽታ የምርመራ ሽታ ነበር። ቆርቆሮ ተከፈተ ማለት እናቴ ጎንበስ ብላ ወተቱ ምን ያህል እንደጎደለ እያየች ነው፤ ማንም ካለበት አይነቃነቅም።

ዘመኑ ደርግ ነው። አባቴ አልዌሮ ግድብ ሥራ ላይ ስለነበር የምናየው ከወር ወር ነው። እናቴ ከጎሬ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። እህቴ ስትወለድ የእናቴ የወሊድ ፈቃድ ሳይጀመር ያለቀ መሰለን። የጤና ጣቢያው ኃላፊ «ልጅ አዝሎ መርፌ መውጋት የለም፤ ወይ ሥራ፣ ወይ ልጅ!» አላት። በድንጋጤ ነው መሰል የጡቷ ወተት ነጠፈ። እንግዲህ ከደሞዟ ግማሹ ለዱቄት ወተት፣ ግማሹ ልጅ ለምትይዝላት ለአሪየት ሆነ። እኛ የምንኖረው በሦስተኛው ግማሽ ነበር።

አሪየት ባሮ ዳር የምትኖር፣ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች አኙዋክ ጎረቤታችን ናት። ከቁመቷ የተነሳ ጠዋት የሳቀችው ሳቅ እኔ ጆሮ የሚደርሰው ለምሳ ነበር ብል ያጋነንኩት ጥቂት ነው። የተጠበሰ ዓሣና የወንዝ ጭቃ ትሸታለች። አማርኛዋ አጭር ነው፤ እናቴን «ሲስተር» ብላ ትጀምርና የቀረውን በቅንድቧ ትጨርሰዋለች።

እናቴ ግን አታምናትም። እናቴ ማንንም አታምንም፤ የአብዮት ጥበቃ አዛዥ አድርገዋት ቢሆን ኖሮ ጋምቤላ ውስጥ ዝንብ ያለ ይለፍ ወረቀት ባልበረረች። ወር ይበቃል ተብሎ ከእህቴ ጋር አሪየት ቤት የሚላከው ቆርቆሮ ሳምንት ሳይሞላው ባዶውን ይመለሳል። «ለዘመዶቿ እያጠጣችው ነው» ብላ ደመደመች። ነገሩን ያወሳሰበችው እህቴ ናት፤ ወተቱ ሲጎድል እሷ ትወፍራለች። እናቴ በድብቅ በጤና ጣቢያው ሚዛን አንጠልጥላ መዘነቻት፤ ጨምራለች። ደግማ መዘነቻት፤ ጨምራለች። ሚዛኑን ጠረጠረችው። ማታ ጡጦ ሲቀርብላት ደግሞ እህቴ ፊቷን አዙራ እንደ ጠገበ ሹም ታዛጋለች።

«ምንድን ነው የምታበላት?» አለችኝ እናቴ፣ አብሬ የሰረቅኩ ይመስል እያፈጠጠችብኝ።

«ዓሣ ይሆናላ።»

«ጥርስ ለሌላት ልጅ?»

«አሪየት ታኝክላታለቻ!»

ይህ መልሴ ነው መሰል ትዕግሥቷን የጨረሰው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች፣ እኔን በእጄ እየጎተተች ወደ አሪየት ግቢ ገሰገሰች። ልታባርራት ነው። ካባረረቻት ሌላ ልጅ ያዥ የለም፤ ሥራዋም ያን ዕለት አበቃ ማለት ነው። ይህንኑ እያወቀች ነው እንደዚያ የምትራመደው።

ግቢው መሃል ዛፍ ሥር የሠፈሩ ልጆች አንድ ትልቅ ቅል ከበው ተቀምጠዋል። ሁሉም ነጭ ጢም አብቅለዋል።

«ወተቱን ማን ጠጣው?» አለች እናቴ፣ ጢማቸውን እያየች።

«ልጆች» አለች አሪየት።

«የማን ልጆች?»

አሪየት ከባድ ጥያቄ እንደቀረበለት ሰው ዞራ ልጆቹን ተመለከተቻቸው። «የዚህ ግቢ። ሲስተር፣ ልጅ ብቻውን ይበላል እንዴ?»

የእናቴ ዓይን ጎጆው ጥላ ሥር ተተከለ። አንዲት የማናውቃት ወጣት የራሷን ልጅ በአንድ ጡቷ፣ የእኛን ልጅ በሌላው ይዛ ተቀምጣለች።

«እሷስ ማን ናት?»

«የኔ ጡት ደርቋል፤ የእሷ አለ። ጠዋት ሌላዋ ነበረች» አለች አሪየት፣ በአገጯ ወደ ጎረቤት ጎጆዎች እያመለከተች።

እናቴ ልጇን ልትቀማ እጇን ዘርግታ ተጠጋች። ወጣቷ ቀና ብላ አየቻትና በአኙዋክኛ አንድ ነገር አለች።

«ሥራሽን ሂጂ ነው የምትልሽ» አለች አሪየት። «ገና አልጠገበችም።»

የእናቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። በዚያው እጇ ጋውኗን አስተካከለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ እኔን አልጎተተችኝም፤ ይህም ባሮ ሽቅብ ከመፍሰሱ የማይተናነስ ተአምር ነው።

ጥርጣሬዋ ቀረ ካልኳችሁ ዋሸሁ። አቅጣጫ ቀየረ እንጂ። አመሻሽ ላይ እህቴን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች «እኔ ማን ነኝ?» ትላት ጀመር። አሪየትን ግን ሌላ ሰው እስኪያስፈልገን ድረስ አላሰናበተቻትም፤ ሌላ ሰው ደግሞ አላስፈለገንም።

ደርግ ሊወድቅ ሲል አሪየት ወንዙን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ወረደች። ኋላም እዚያው መሞቷን ሰማን።

እህቴ ስትዳር፣ እናቴ በተቀመጠችበት አግዳሚ በኩል ከባሮ ዳር የመጡ ረጃጅም ሴቶች ሰተት ብለው ገቡ። «የማን ወገን ናችሁ?» አላቸው አስተናጋጁ። «እናቶቿ ነን» አሉ። እኔ በበኩሌ ቢያንስ አንዷ ለጥብሱ ብላ እንደመጣች እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። እናቴ አንድ በአንድ፣ ከእግር እስከ ራሳቸው መረመረቻቸው። ስም አልጠየቀች፣ ማስረጃ አልጠየቀች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጠጋ አለችላቸው።