ጉዳዩ፦ ክላውዱ አማርኛ እንዲያውቅ ስለመጠየቅ

ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ አቤቱታ ላስጽፍ ልደታ ፍርድ ቤት በር ድረስ መሄዴን የሰማ ሁሉ ዛሬም ይስቅብኛል።

የቤታችንን ወረቀቶች ስካን አድርጌ፣ በየወሩ እየከፈልኩ እዚሁ ክላውድ ላይ አስቀምጬ ነበር። ዋናዎቹ ቁም ሳጥን ውስጥ የአይጥ ሲሳይ ሆኑ። ለሰኞ የአጥር ክርክር ቀጠሮ፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ድሮ ለቀበሌ ያስገባው ማመልከቻ ተፈለገ። በአማርኛ ጽፌ ብፈልግ ብፈልግ፣ ክላውዱ "ምንም አልተገኘም" ይለኛል። የክላውዱ ባለቤት ድርጅት ደግሞ አገልግሎቱን እንደ አዲስ ሊሠራው ስለሆነ አስተያየት ላኩ ብሏል። የቀረኝ ተስፋ ይኸው ብቻ ነበር፤ አስተያየቱን የሚጽፍልኝ ጠንከር ያለ ቃል የሚያውቅ ሰው ፈለግኩ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊ ጋሽ ታፈሰ ታይፕራይተራቸው ላይ ወረቀት አስገቡ።

"ተቀባዩ አማርኛ ያውቃል?"

"አያውቅም ጋሼ። ቅሬታዬም እሱ ነው።"

"እንግዲያው በአማርኛ እንጻፍለትና ይቸገር።"

የአባቴ ማመልከቻ የሚነሳበት ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ለመሆኑ አባትህ ማን ነበር?"

ስሙን ነገርኳቸው።

"የጌጃ ሰፈሩ መካኒክ? የአጥሩ ነገር?"

ከወንበራቸው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ሳቡ። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ጥቂት ገለጡና አንድ የደበዘዘ የካርቦን ቅጂ እጄ ላይ አኖሩት። ለካ ያኔም የጻፉለት እሳቸው ኖረዋል! የአባቴ ፊርማ ሳይቀር አለበት።

ወረቀቱን አየሁ፤ ሳጥኑን አየሁ።

"ጋሼ፣ ለዚህ ሳጥን በወር ስንት ያስከፍላሉ?"