አዴ ጁሀራ ያላጨበጨቡለት መድኃኒት

ሮቤ ውስጥ አዴ ጁሀራን የማያውቅ የለም፤ ላሞቻቸውን ሻያ ወንዝ እያጠጡ፣ ወተት እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻው ቦቴ ወንዙ ዳር ተገለበጠና ናፍጣው ውኃው ላይ ተንሳፈፈ። ሥራ አስኪያጁ ከአሰብ ወደብ በርሜል አስመጣ፤ ባሕር ላይ የፈሰሰ ነዳጅ በትኖ ከውኃው ጋር የሚያደባልቅ ኬሚካል ነው። ከዚያ ቀበሌውን ሰበሰበና ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ በአፍንጫው እያወራ፣ "ጓዶች፣ ይህ ምርት ለባሕር የተፈቀደ ነው። ባሕር የቻለውን ወንዝ እንዴት ያቅተዋል? የምትደግፉ እጅ አውጡ" አለ።

መድኃኒት እጅ በማውጣት ሲፈቀድ ያየሁት ያኔ ነው። ያላወጣ ስለሚታሰር ሁላችንም አወጣን። አዴ ጁሀራ ብቻ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ እንደከተቱ፣ "ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ከባሕር ውኃ ማን ከብት ያጠጣል?" አሉት።

"እማማ፣ አብዮቱን ነው የሚቃወሙት?"

"ኧረ እኔ ስለ ላሞቼ ነው የማወራው።"

ተጨበጨበና ኬሚካሉ ወንዙ ውስጥ ተደፋ። ናፍጣው ከላይ ሲጠፋ ሥራ አስኪያጁ ውኃው ዳር ቆሞ ፎቶ ተነሳ። በማግስቱ የአዴ ጁሀራ ላሞች ውኃውን አሸተቱና ሳይቀምሱ ዞሩ። እሳቸውም እየነዱ ወስደው ቢሮው በር ላይ አቆሟቸው።

"ጓድ፣ እነዚህ ትናንት ስብሰባ አልነበሩም። እስቲ እጅ አስወጣቸው" አሉት።

በሩን ዘጋባቸው።

ይኸው ሰውዬ ወንዙን አጸዳ ተብሎ ተሸለመ። አጨብጭቡ ተባልን፣ አጨበጨብን፤ አሁንም ሳስበው እጄ ያናድደኛል። አዴ ጁሀራ ግን አልነበሩም፤ ኬሚካሉ ያልነካው ውኃ ፍለጋ ላሞቻቸውን እየነዱ ሽቅብ ወደ ጎባ መንገድ ሄደው ነበር።