ልብዎ ነው ወይስ ሽቦው

የዚያን ዕለት ጠዋት በርበሬ ነበር የምቀነጥሰው። ዛላውን ጓሮ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ዘርግፌ፣ ሁለት ጎረቤቶቼ ሊያግዙኝ መጥተው፣ ነጠላችንን አፍንጫችን ላይ ጠምጥመን ቁጭ ብለናል። ያኔ ፉሪ እንዲህ ቤት በቤት አልሆነም፤ ከደጃችን ወጣ ስትል እርሻ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ አባትህ ገና ትምህርት ቤት አልገባም።

አማቴ በራፉ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው እሳቸውም ይቀነጥሳሉ። ለሥራ ሰነፍ አልነበሩም፣ ይሄን አልክድም። ግን የሠራሁትን ወጥ ቀመስ አድርገው ለውሻ ሲደፉት ስንት ዓመት አይቻለሁ። ይሄንንም ጻፈው።

«ደረቴን» አሉ። «አንድ ነገር ተጫነኝ።»

«በርበሬው ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ሁላችንም እያሳልን ነው።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ «መንጋጋዬ ድረስ መጣ» አሉ።

ያኔ ነው እንግዲህ ያልኩት። «እማማ፣ ልብዎ ነው ወይስ ሽቦው?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አጥር የምንጋራው ጎረቤቴማ ሳቁም በርበሬውም አንድ ላይ ትን ብሏት እንባዋ ወረደ።

የሽቦው ነገር እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት፣ ክረምት ሳይገባ፣ እንደዚሁ ደረቴን ብለው አስፋልት ድረስ በጋሪ፣ ከዚያ በታክሲ ሆስፒታል ወሰድናቸው። አስተኟቸውና እጅና እግራቸው ላይ፣ ደረታቸውም ላይ ሽቦ ለጠፉ። ማሽኑ ረጅም ወረቀት ተፋ፤ መስመሩ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። አንድ ልጅ እግር ሐኪም አየውና «ልባቸው ተጎድቷል፤ ደም የሚያደርሰው ሥር ተዘግቷል» አለ። አያትህ እዚያው ኮሪደር ላይ ተዘረረ። እኔም አለቀስኩ፣ ሰው ስለሚያየኝ። ዘመድ ተጠራ፤ ጥቁር ለብሳ የመጣች ሁሉ ነበረች።

ኋላ ትልቁ ሐኪም መጣ። ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ የሳቸውን እጅ አየ። «የቀኙን ሽቦ ግራ እጃቸው ላይ፣ የግራውን ቀኝ ላይ አድርጋችሁት እኮ ነው!» ብሎ ልጁን እኛው ፊት አዋረደው። ሽቦውን አዛውሮ ማሽኑን እንደገና አስነሳ። ወረቀቱ ሌላ ሆነ። ልባቸው ደህና፤ ያቃጠላቸው ጨጓራ ኖሯል። ሲያሰናብተን ግን ጣቱን ወደኔ ቀስሮ «ዛሬ ደህና ናቸው ማለት ሁልጊዜ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ደረታቸውን ጨምድዶ ይዞ ላብ ካጠመቃቸው፣ ሳትቆዩ ይዛችኋቸው ኑ» አለኝ። ለኔ ነው ያለው። ሰምቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሽቦው የቤታችን ቀልድ ሆነ። የጀመርኩትም እኔ ነኝ። ወገቤን ሲሉ ሽቦው፣ ራሴን ሲሉ ሽቦው።

«ሳቂ» አሉኝ ያን ዕለት። «አንቺም ታረጂያለሽ።»

ሰፌዱን አልለቀቁም። በግራ እጃቸው ደረታቸውን ይዘው በቀኛቸው ይቀነጥሳሉ። ተልባ በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው አስመለሱት። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። ብርድ ነው፣ የተቀመጡትም ጥላ ሥር ነው። አየሁት። ሐኪሙ ያለውም ትዝ አለኝ። ግን ዛላው ገና ግማሽ አልሄደም። አሁን ትቼው ብነሳ፣ እነዚህ ሴቶች ሄደው፣ እጄ እየተቃጠለ ብቻዬን ልጨርሰው ነው? ደግሞ እዚያ ደርሰን ደህና ናቸው ተብሎ ሊሳቅብኝ? ቆይ ይጨርሱና፣ አልኩ በሆዴ።

አያትህ ለምሳ ሲመጣ ፊታቸውን አይቶ ጮኸ። ተሸክሞ ጋሪው ላይ አወጣቸው።

ያው ትልቁ ሐኪም ነበር ያገኘን። መጀመሪያ ሁለቱንም እጃቸውን አየ፣ ሽቦውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ወረቀቱ ላይ ብዙም አልቆየ።

«ሽቦው ልክ ነው» አለ። ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያመማቸው?»

«አሁን ነው» አልኩ።

አማቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «ከጠዋት» አሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አለፉ።

አያትህ አንገቱን አዙሮ አየኝ። እሱም እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብሎኝ አያውቅም።

ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን ያቺ አጥር የምንጋራው፣ ያቺ ስትስቅ ትን ያላት፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«በርበሬሽን አስጥቼልሻለሁ፣ ደርቋል» አለችኝ።

እግዜር ይስጥሽ ልላት አፌን ስከፍት፣

«እሳቸው የቀነጠሱትን ለብቻው ቋጥሬዋለሁ፣ ከሌላው እንዳይቀላቀል» አለች። «አስፈጪውና አንቺ ብቻ ብይው።»